የኔታ ባዩ ድምፅ ያደረበት ሣጥን ስለ መታሰሩ

ለክቡር አቶ አንተነህ ሀይሉ
የጠጠር አምባ ከተማ የድምፅ ማሠራጫዎች ምዝገባና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ። ቤተሰብዎ፣ ማኅተምዎና የምትሽከረከረው ወንበርዎ ሁሉ ደኅና እንዲሆኑ ምኞቴ ነው። በተለይ ለጉሮሮዎ እጸልያለሁ፤ በዚህ ከተማ ጉሮሮው የታመመ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለምና።

ስሜ ሐረገ ወይን ዋለ ይባላል። ተወልጄ ያደግሁት እስቴ መካነ ኢየሱስ ሲሆን በከተማችን ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። እርስዎ «ያቺ የሣጥኗ ሴትዮ» እያሉ እንደሚጠሩኝ ሰምቻለሁ፤ ስሜን የጻፍሁትም ለመከራከር ሳይሆን ደብዳቤዬን ወደ መዝገብ ቤት ሲመሩት እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በፖስታ ታሽገው የገቡልዎት ሦስት ማመልከቻዎቼ ሳይከፈቱ መቀመጣቸውን በዓይኔ ስላየሁ፣ ሰው ሁሉ ያነበበውን ጽሑፍ ግን እርስዎም ሳይወዱ እንደሚያነቡት ስለ ተረዳሁ ነው።

ከሰሌዳው ሥር ቆሞ የሚያነብ መንገደኛ ግራ እንዳይገባው ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የኔታ ባዩ የጠጠር አምባ ማርያም የድጓ መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው የድጓ ምስክር ቤት ወደ ሆነችው ወደ አገራችን ቤተ ልሔም ሄደው ድጓ አስመስክረው የተመለሱ፣ ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ባለችው ጎጆ ሲያስተምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ጉሮሯቸውን ታመው ጎንደር ሲታዩ፣ ሐኪሞቹ ሕይወታቸውን ለማትረፍ ድምፃቸውን መቁረጥ ግድ መሆኑን ነገሯቸው። የኔታ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጾመ ድጓውን ለልጆቹ ላድርስና እመጣለሁ» አሉ። ተመልሰውም እኔ ቤት ተቀመጡ፤ ማይክሮፎን ነጠላቸው ላይ ሰክቼላቸው፣ በዐቢይ ጾም የሚዜመውን ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና በዚያ በታመመ ጉሮሮ አንድ በአንድ ዘለቁት። ከዚያ ሄደው ኦፕራሲዮን ሆኑ። እሳቸው ዳኑ፤ ድምፃቸው ግን እዚያው ቀረ።

እንግዲህ ያንን ድምፅ የት ላኑረው? ስልክ ይጠፋል፤ ፍላሽ በቫይረስ ይበላል፤ ኢንተርኔት ላይ እንዳልጭነው በከተማችን ኔትወርክ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ስለዚህ ደብረ ታቦር ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ሁለት ሃርድ ዲስክ ከተትሁበት፤ ሊኑክስ የሚባለውን ማስኬጃ ፕሮግራም ጫንሁበት፤ ዋይፋይ የሚሰጥ ትንሽ ዕቃ ቀጠልሁለት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እንዳይሞት ደግሞ በሶላር የሚሞላ ባትሪ አሰርሁለት። ሰርቨር ማለት ይኸው ነው፤ የሰጡትን አስቀምጦ ለጠየቀው መልሶ የሚሰጥ፣ ያለ ኢንተርኔትም ቢሆን በሰፈሩ ላለ ስልክ የሚታዘዝ ኮምፒውተር። አያያዙ ቀላል አልነበረም። አውድማ ሲወቃ የገለባው ብናኝ ማራገቢያውን ያንቀው ስለነበር በየሰንበቱ እየፈታሁ እጠርገው ነበር። ዶሮዬም ሙቀቱን ወድዳ ላዩ ላይ እንቁላል መታቀፍ ጀምራ፣ እሷን ለማስለቀቅ የፈጀብኝ ትግል ሊኑክስ ከመጫን ይብስ ነበር።

ትምህርቱም ቀጠለ። የኔታ እንደ ድሮው መደባቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ተማሪ በስልኩ ከሰርቨሩ ይከፍታል፤ የገዛ ድምፃቸው ከድምፅ ማጉያው ይወጣል፤ ተማሪዎቹ ይከተላሉ። የሳተ ተማሪ ሲኖር የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን ይመቱና ጣታቸውን ወደ ኋላ ይጠቁማሉ፤ ድገሙ ማለታቸው ነው። ወደ ፊት ከጠቆሙ ቀጥሉ ማለታቸው ነው። አንዳንዴም የታመሙ ጊዜ የተቀዳ ነውና ድምፃቸው ራሱ ሲሰናከል፣ ለራሳቸው ድምፅ መሬቱን መትተው ሲያርሙት አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ጉባኤ ቤት በአገራችን ሌላ የት እንዳለ አላውቅም። እንግዲህ ከእርስዎ ያገኘሁትን ጉዳት በቁጥር ዘርዝሬ አመሰግንዎ ዘንድ ይፍቀዱልኝ።

፩. የመጀመሪያው ምስጋናዬ በጥር ማብቂያ፣ ገበያ ጥለው፣ ሁለት ሚሊሻ አስከትለው ደሳሳ ጎጆዬ ድረስ ስለ መምጣትዎ ነው። የዋይፋዩን ሁለት ቀንድ ባዩ ጊዜ «ጣቢያው ይኸ ነው» ብለው በጣትዎ ሲያመለክቱ የነበረውን ኩራት አልረሳውም። የሰጡኝም ወረቀት «ያልተመዘገበ የሬዲዮ ጣቢያ ማቋቋም» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ጣቢያዬ ከቤቴ ተነሥቶ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር አልፎ እስከ ዋንዛው ዛፍ ይደርስና እዚያው ይሞታል። ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ላቀች ከምድጃዋ ሆና ልጇን ስትጣራ የእሷ ድምፅ ከእኔ ጣቢያ እጅግ ይርቃል፤ እስካሁን ግን እንድትመዘገብ የጠየቃት የለም። ስለ ዝግጅቱ ይዘት ሲጠይቁኝም የጾሙ ዜማ መሆኑን ነገርሁዎ፤ «ማንን ነው የሚቃወመው?» አሉ፤ ዲያብሎስን ነው ብልዎ ዝቅ ብለው በማስታወሻዎ ላይ ጻፉት። አሁንም ተመዝግቦ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

፪. ሁለተኛው፣ ስለ ጀግንነትዎ ነው። ኮምፒውተር እየሠራ ሳለ እንዲሁ መንቀል እየታለበች ያለችን ላም በዱላ መምታት ነውና፣ «ይቆዩኝ፤ በወጉ ላሰናብተው» ብዬ ለመንሁዎ። «ተንኮል ልትሠሪ ነው» ብለው ሶኬቱን መነጨቁት። ባትሪው ስለነበር ሣጥኑ አልጠፋም፤ ማራገቢያው እንደ ቀድሞው ይጮሃል። ያን ጊዜ እርስዎ ወደ ኋላ ሁለቴ ሲራመዱ፣ አንደኛው ሚሊሻም ሲያማትብ አየሁ። ባትሪ ነው ብዬ ላስረዳ አፌን ስከፍት ቢላዋ አስመጥተው ሽቦውን ቆረጡት። ቀጥሎም የሣጥኑን የአየር ቀዳዳዎች ሁሉ በማኅተም ወረቀት ለጠፉባቸው፤ ሣጥኑ በቀዳዳው ሾልኮ እንዳያመልጥ ይመስለኛል።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ይህን ስሕተት ለመሥራት የተማረ የቢሮ ሰው መሆን ያስፈልጋል። የድምፁን አንድ ግልባጭ በሌላ ዲስክ ቀድቼ መካነ ኢየሱስ እኅቴ ዘርፌ ዘንድ አስቀምጬ ነበር። ሰርቨር ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ እሳት አለ፣ ሌባ አለ፣ በእኛ አገር ክረምት ደግሞ መብረቅ አለ፤ አንዱ ቤት ሲነድ ሌላው ይተርፋል ይባላል። የእርስዎን ዓይነት አደጋ የሚጠቅስ መጽሐፍ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። «ሌላ ቦታ አለሽ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለመንግሥት ሹም መዋሸት ነውር ነው ብለው ያሳደጉኝ ወላጆች ልጅ ነኝና እውነቱን ተናገርሁ። እርስዎም ወዲያው ደብዳቤ ጽፈው፣ መኪና ልከው፣ እኅቴን ከሥራዋ አስነሥተው ዲስኩን አስመጡት። ለምን ብዬ ስጠይቅ የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ «በመንግሥት አሠራር ዋናውና ግልባጩ ተያይዞ በአንድ ፋይል ይቀመጣል።» ከዚያም ሁለቱን በአንድ ሲባጎ አስረው ባንድ መደርደሪያ አስቀመጧቸው። እንዲለያዩ ተሰደው የኖሩ ሁለት ዕቃዎች በእርስዎ ቸርነት ተገናኙ።

ቁጥር ያልሰጠሁት አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ሣጥኑን ልለምን በመጣሁ ጊዜ «ድጓው በመጽሐፍ አለ፤ የዜማ ምልክቱም ተጽፏል፤ ለምን ትጨቃጨቂኛለሽ?» ብለውኝ ነበር። ይህን ያሉት እርስዎ የቄስ ልጅ ነዎት። ምልክቱ የተጻፈው ዜማውን ከመምህር አፍ ለሰማ ሰው ማስታወሻ እንዲሆን እንጂ ላልሰማ ሰው እንዲያስተምር እንዳልሆነ፣ አንዲት ቀን ቅኔ ማሕሌት የቆመ ሁሉ ያውቃል። «ድጓ ሌላም ዘንድ አለ» ማለትዎም እውነት ነው። ድጓ ሌላም ዘንድ አለ፤ የኔታ ባዩ ግን ሌላ ቦታ የሉም። እሳቸውን ብለው ከስማዳም ከላስታም መጥተው ቁራሽ እየለመኑ የሚያድሩት ተማሪዎች ይህን ያውቁ ነበር።

፬. አራተኛ፣ ስለ መጋዘንዎ ንጽሕና አመሰግናለሁ። ዋናውና ግልባጩ ተያይዘው የገቡበት ቤት፣ ከገበሬዎች ማኅበር ጋር በጋራ የምትጠቀሙበት የዘር ስንዴና የባቄላ መጋዘን ነው። ጾሙ በገባ ሰሞን ነቀዝ ታየ ተባለና የነቀዝ ኪኒን እንዲጨመር ተወሰነ። ያ ኪኒን ነጭ ሽንኩርት የሚሸት መርዝ የሚተፋ፣ ነቀዙንም አይጡንም ሰውንም የማይምር፣ መዳብ ያለበትን ዕቃም የሚበላ መሆኑ ከእሽጉ ላይ ተጽፏል፤ ግን እንደ ማመልከቻዬ ሁሉ እሽጉም ሳይነበብ ተከፈተ። በሩ በጭቃ ከመመረጉ በፊት የመጋዘኑ ድመት ውስጥ መቅረቷ ታስቦ፣ ኮሚቴው ሥራውን አቁሞ ሲፈልጋት ቆይቶ ማውጣቱን ሰምቻለሁ፤ ርኅራኄያችሁን አደንቃለሁ። መጋዘን ጠባቂው «ይኸ ሣጥንስ?» ብሎ ሲጠይቅዎ ግን «በኤግዚቢት የተያዘ ንብረት ያለ ሦስት ፊርማ ንቅንቅ አይልም» አሉት። ሦስተኛው ፈራሚ ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ነበሩ። ድመቷ ፊርማ ስለማያስፈልጋት ዳነች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ግን ያየሁት ያኔ ነው።

፭. አምስተኛ፣ ደብረ ዘይት በዋለ ሳምንት ንብረቴን መልሰው ስለ ሰጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የመልቀቂያው ደብዳቤ «ማሠራጫ አለመሆኑ በባለሙያ ስለ ተረጋገጠ፣ ምንም ጉዳት ሳይደርስበት ለባለቤቷ ተመልሷል» ይላል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶቻችን፤ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ሁለቱንም በአንድ ደብዳቤ ፈጸማቸው። ሣጥኑ ሲከፈት ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር። መዳቡ ጠቁሯል፤ የሽቦው ጫፍ በጣት ሲነካ እንደ አመድ ይረግፋል። ሦስቱንም ዲስክ ባሕር ዳር ወስጄ ጌዲዮን ለሚባል ጠጋኝ ሰጠሁት። የየዲስኩን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ቀየረው፤ ከሌላ ዲስክ ዕቃ እያወለቀ ሞከረው፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ዋልሁ፣ በነጋታውም ዋልሁ። በመጨረሻ ከሦስቱ ያወጣልኝ አንድ የድምፅ ቁራጭ ብቻ ነበር።

ያንን ቁራጭ ይዤ መጣሁና ጎጆዋ ውስጥ ተማሪዎቹ ባሉበት ለየኔታ ከፈትሁላቸው። ዜማ የለበትም። የሚሰማው የኔታ ሲያስሉ ነው፤ ከዚያም እንዲህ ይላሉ፤ «ቆዩ እስቲ ልጆቼ፣ ውኃ አቀብሉኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ደኅና አድርጌ ነው የምለው።» እዚያ ላይ ይቆማል። የኔታ ድምፃቸውን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ጣታቸውን ወደ ፊት ጠቆሙ፤ ቀጥሉ ማለታቸው ነው። ደግመው ጠቆሙ። የሚቀጥል እንደሌለ የነገራቸው ሰው የለም፤ ሁላችንም ስናቀረቅር ግን ገባቸውና መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ያን ጊዜ አለቀስሁ። እያለቀስሁም እርስዎን ናቅሁዎ፤ ጠላሁዎ አላልሁም፣ ጥላቻ ትልቅነት ይጠይቃል። ናቅሁዎ።

ተማሪዎቹ በዚያ ድምፅ የተማሩት እስከ መጻጕዕ፣ እስከ ጾሙ አራተኛ ሳምንት ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሊሰጧቸው የሚችሉት ሰው ፊታቸው ተቀምጠዋል፤ ልባቸው ውስጥ ሁሉም አለ፤ ሊያወጡት ግን አይችሉም። የተሳተውን ማረም ይችላሉ፤ ያልተባለውን ግን በመቋሚያ መታ አድርጎ ማስተማር አይቻልም። ግማሾቹ ተማሪዎች አኩፋዳቸውን ይዘው ወደ ሌላ መምህር ሄደዋል። ለመሰናበት እግራቸው ላይ ሲወድቁ የኔታ መርቀዋቸዋል ይባላል፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ስለታየ ነው እንጂ ምን እንዳሉ የሰማ የለም።

ክቡር ሆይ፣ ካሣ አልጠይቅዎም፤ እንዲጸጸቱም አልጠይቅዎም፤ ከሰው አቅሙ በላይ መጠየቅ ደግ አይደለም። እንዲያውቁት ብቻ የምፈልገው፣ አዲስ ሰርቨር እየተከልሁ መሆኔን ነው። በዚህ አገር ገና ድምፃቸው ያለ ሽማግሌዎች አሉ፤ ማይክሮፎኔን ይዤ ወደ እያንዳንዳቸው መሄድ ጀምሬያለሁ። ግልባጩ የት የት እንደሚቀመጥ ግን፣ ወላጆቼ ይቅር ይበሉኝና፣ ሲጠይቁኝ እዋሻለሁ። ሦስቱንም ፈራሚዎች ይዘው ቢመጡ እንኳ እዋሻለሁ።

ሥልጣንዎ እንደ ዘር ስንዴያችሁ ከነቀዝ የተጠበቀ እንዲሆን፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳይነጥፍበት፣ የመጋዘኑም ድመት ረዥም ዕድሜ እንዲኖራት እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣው፣ ቀና ስል ግን እርስዎን የማላገኝበትን ቀን በትዕግሥት የምጠብቀው፣

የጠጠር አምባ ነዋሪ፣ የሣጥኗ ሴትዮ
ሐረገ ወይን ዋለ
መጋቢት 2007 ዓ.ም.

በተጨማሪም፤ ከመልቀቂያው ደብዳቤ ጋር በስሕተት ተያይዞ የመጣልኝን የጽሕፈት ቤትዎን ቃለ ጉባኤ አንብቤዋለሁና ሳላመሰግን ላልፍ አልወደድሁም። በቅድስት፣ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት፣ የመጋዘኑ በር ተመርጎ ሳለ፣ የኔታ ባዩ በተማሪዎቻቸው ተደግፈው እርስዎ ዘንድ ቀርበው ነበር። እርስዎም ተማሪዎቹን «ባለጉዳዩ ራሳቸው ይናገሩ» ብለው አስወጧቸው። የኔታ ነጠላቸውን ገልጠው ጉሮሯቸው ላይ ያለውን ቀዳዳ እንዳሳዩዎት፣ እጃቸውንም ዘርግተው ቆመው እንደቆዩ በመስኮት ያየ ሰው አለ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፤ «ባለጉዳዩ በአካል ቀርበው ቅሬታቸውን በቃል እንዲያስረዱ በተደጋጋሚ ቢጠየቁም ምንም ያልተናገሩ ስለሆነ፣ ቅሬታ የሌላቸው መሆኑ ተረጋግጦ ጉዳዩ ተዘግቷል።» የተጻፈው እውነት ስለሆነ እርማት አልጠይቅም፤ የኔታ አልተናገሩም፤ ድምፃቸው በዚያች ሰዓት በእርስዎ መጋዘን ከስንዴው ጋር እየታጠነ ነበር።